ሩገር ሱፐር ሬድሆክ .454፦ ውጭ አገር ሄዶ ለማደን ይሆናል?

በሽጉጥ ትልልቅ እንስሳ አድናለሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይጥላል?» ብሎ ነው። ይጥላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እሱ አልነበረም። ከወራት አጠቃቀም በኋላ ስለዚህ መሳሪያ የምለው አንድ ነው። ጉልበት ሞልቶታል። ይዞት ባሕር ለሚሻገር ሰው ነገሩን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የትኛው አገር ያስገባዋል፣ ባለቤቱስ ከስንት ሜትር በላይ አልተኩስም ይላል።

ስለ ዕቃው ላውራ። ሩገር ሱፐር ሬድሆክ ነው፤ ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ (ሪቮልቨር)፣ .454 ካሱል የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰው፣ አፈሙዙ 19 ሴንቲ ሜትር የሆነው። ሞዴሉ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 በ.44 ማግነም ጥይት የወጣ ነው፤ .454ቱ በኋላ ነው የመጣው። ስድስት ጥይት ይይዛል። ባዶውን 1.5 ኪሎ ያህል ነው። የማነጣጠሪያ መነጽር ሲጫንበትና ሲጎርስ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ቀበቶ ላይ አንጠልጥዬው እዞራለሁ የሚል ካለ ይርሳው፤ ወገቡ ነው የሚጎዳው። ደረት ላይ የሚታሰር ማኅደር ግድ ነው።

ጥይቱን ዲክ ካሱልና ጃክ ፉልመር እ.ኤ.አ. በ1957 ነው የሠሩት። የድሮውን .45 ኮልት ቀለህ አስረዘሙት፣ አጠነከሩት፣ ባሩድ ሞሉት። የ.44 ማግነም የግፊት ጣሪያ 36,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሲሆን የዚህኛው 65,000 ነው። እጅ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች የተኮሰ ሰው እጁን እያራገፈ መሳቁ አይቀርም። ግን ለመጥፎነቱ አይደለም። ክብደቱና ለስላሳው የጎማ እጀታ ወደ ኋላ የሚመታውን ግፊት አብዛኛውን ይውጡታል። ለሙሉ ቀን ልምምድ ግን አልመክረውም፤ ሰውነት ሳያውቀው ዓይን መጨፈን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ማነጣጠር የለም።

መድኃኒቱ .45 ኮልት ነው። ያው ሽጉጥ ይተኩሰዋል፣ እጅ አይጎዳም፣ ምላጩንም እንደ ልብ ያለማምዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ። አጭሩ ቀለህ የጥይት ቤቱ ውስጥ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ቀለበት ሠርቶ ነው የሚቀመጠው። ሳያጸዱ ረጅሙን .454 ከከተቱት መግባቱ ይከብዳል፣ ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ቀለሁ አልወጣም ይላል። ከልምምድ በኋላ በናስ ብሩሽ እያንዳንዱን ቀዳዳ አሻለሁ። ሌላ የረባ ጽዳት የለውም። ዝገት አላየሁበትም፤ አይዝጌ ብረት ነው።

በጣም የወደድኩት መነጽር የሚታሰርበትን መንገድ ነው። የመነጽሩ ቀለበቶች አፈሙዙ ላይ አይደሉም፤ አካሉ ላይ በተቀረጹ ቦዮች ነው የሚቀመጡት። ቀለበቶቹ ከሽጉጡ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ይመጣሉ። ብሎናቸውን በሳንቲም መፍታት ይቻላል። ይኼ ለተጓዥ ትልቅ ነገር ነው። መነጽሩ መንገድ ላይ ቢሰበር አውልቆ በብረት ማነጣጠሪያው ማደን ይቻላል።

መነጽሩ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። የሽጉጥ መነጽር ክንድ ተዘርግቶ የሚታይበት ስለሆነ የጠመንጃው አይሆንም። መጀመሪያ የገዛሁት (የማን እንደሆነ ይቅር) ግፊቱን አልቻለም፤ ውስጡ ያለው መስቀለኛ የማነጣጠሪያ መስመር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብቻውን መዞር ጀመረ። ለ.454 የሚሆን መነጽር ርካሽ አይገኝም። ቁርጡን አውቆ መግባት ይሻላል።

አሁን ወደ መንገዱ ልሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አፍሪካ ሄጄ አድናለሁ ማለት ብቻ አይበቃም። ናሚቢያ ለአደን ሽጉጥ አታስገባም። ብታስገባም ኖሮ ሕጓ ለአጋዘንና ለኦሪክስ (ሳላ) ቢያንስ 2,700 ጁል የጥይት ጉልበት ይጠይቃል። የኔ 300 ግሬይን (19 ግራም ገደማ) ጥይት 2,300 ገደማ ነው። በጠመንጃ ዓለም ጀማሪ ነው ማለት ነው። ካናዳም አይታሰብም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሽጉጥን ከግለሰብ እጅ አስወጥታለች፤ ስለዚህ ቲኬት ሲቆረጥ በለንደን የሚያልፍ በረራ ርካሽ ነው ተብሎ አይያዝም። ሽጉጥ ላይ የመተላለፊያ አገር ሕግ እንደ መድረሻው ሁሉ ይቆጠራል።

ደቡብ አፍሪካ ግን ታስገባለች። ኤስኤፒኤስ 520 የሚባል የፖሊስ ቅጽ አለ። በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላል፣ ፊርማው ግን ፖሊሱ ፊት እስኪቆም ድረስ ባዶ ይተዋል። ከአደን ድርጅቱ የግብዣ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ የባለቤትነት ማስረጃ አብሮ ይያያዛል። ከአሜሪካ የሚነሳ ሰው ማስረጃው 4457 የተባለው የጉምሩክ ቅጽ ነው፤ ከጉዞ በፊት መሳሪያውን ጉምሩክ ቢሮ ወስዶ ማሳየት አለበት። ለራስ መከላከያ የሚሆን ሽጉጥ አይገባም። ለአደን መሆኑ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ለአንድ መሳሪያ ከ200 ጥይት በላይ አይፈቀድም። መለያ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። ጆሃንስበርግ ላይ የመሳሪያ ቢሮው ሰልፍ ነበረው፤ ፖሊሷ ግን ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ካነበበች በኋላ «ይኼ ነገር መድፍ ነው?» ብላ ሳቀችና ማኅተሟን መታች።

በአውሮፕላን ጥይት በሰው 5 ኪሎ ነው፤ በፋብሪካ ካርቶኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ሽጉጡ ባዶውን፣ ጠንካራ ተቆላፊ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ዕቃ ክፍል ይገባል። እዚህ ላይ የሽጉጡ ማነስ ጥቅም አለው፤ ሳጥኑ መደበኛ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ረጅም ሳጥን ሲጎትት እኔ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነኝ። የአየር መንገዱን ፈቃድ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ነው። አንዱ አየር መንገድ ላይ ሻንጣ የምትቀበለው ሠራተኛ «ጠመንጃ እንጂ ሽጉጥ አንጭንም» ብላ ድርቅ አለች። ኢሜይሉን ባላሳያት ቀርቼ ነበር።

እና ጫካው። ደቡብ አፍሪካ ለውጭ አዳኝ ፈቃድ ያለው መሪ አዳኝ ግድ ነው። የኔው በጠመንጃ ያደገ ሰው ነበር፤ ሽጉጡን ሲያይ ፊቱ አልፈታም። መጀመሪያ የነገርኩት 80 ሜትር ድንበሬ መሆኑን ነው። ከዚያ በላይ አልተኩስም፣ አንተም አታግባባኝ አልኩት። ድንበሩን ያወጣሁት በቤቴ ወንበር ላይ ሆኜ አይደለም። ተቀምጬ፣ ተንበርክኬና ምርኩዝ ላይ ደግፌ ተኩሼ፣ ጥይቶቹ ሁሉ መዳፍ ከማይበልጥ ክብ ውስጥ የሚገቡበት ርቀት እሱ ስለሆነ ነው። መነጽሩ ከዚያ በላይ ያሳያል። እጄ ግን አያሳይም።

አንድ ረፋድ ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን ከቁጥቋጦ ጥግ ወጣ። ሩቅ ነበር፤ ወደ 110 ሜትር። መሪ አዳኙ ምርኩዙን ዘረጋ። «ይታይሃል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይታየኛል፤ ሩቅ ነው» አልኩት። ተንበርክከን ተጠጋን፣ በሆዳችን ተሳብን፣ ነፋሱ ዞረ፣ ሄደ። ማታ እሳት ዳር ግን ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጡን አንስቶ አገላበጠው። ከዚያ በኋላ አቀራረቡን ለሽጉጥ አደረገው፤ ነፋስ ይዘን፣ ውሃ ዳር ተጠግተን።

ያደንኩት ኢምፓላ (ከአጋዘን የሚያንስ ቀንዳም የዱር እንስሳ) ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው የወደቀው። የአፍሪካ እንስሳ ልቡ አዲስ አዳኝ ከሚገምተው ዝቅ ብሎና ወደ ፊት ነው፤ የፊት እግሩን መስመር ተከትዬ ዝቅተኛውን ሲሶ መታሁት። ጥቂት እርምጃ ሮጦ ተኛ። ዱካ ተከታዩ ግን እንስሳውን ትቶ ምርኩዙን ነበር የሚያየው። የምርኩዙ ራስ ላይ የተጠቀለለው ቆዳ በአንድ ጎን ተልጦ ጠቁሯል። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ካለው ክፍተት ወደ ጎን የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነው። ሪቮልቨር ሲደገፍ ድጋፉ ከዚያ ክፍተት ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ እጅማ ጨርሶ እዚያ መድረስ የለበትም። ጆሮም ይሸፈን። ድምፁ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው። እኔ ሹክሹክታውን አጉልቶ ፍንዳታውን የሚዘጋውን የኤሌክትሮኒክስ መሸፈኛ ለሦስታችንም ይዤ ነበር የሄድኩት። መሪ አዳኙ መጀመሪያ ሳቀበት፣ በኋላ መመለስ አልፈለገም።

ጥይት ለምትመርጡ አንድ ምክር አለኝ፤ ማንም አይነግራችሁም። ከባድ አረር ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት ሲበዛ ባልተተኮሱት ቀለሆች ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይሳባል። ሾልኮ ከወጣ ሲሊንደሩን ይቆልፈዋል። ከጉዞ በፊት ስድስት አጉርሳችሁ አምስቱን ተኩሱ፣ ስድስተኛውን አውጥታችሁ ርዝመቱን ለኩ። ካልረዘመ ጥይቱ ይሆናል። ከረዘመ ሌላ ካርቶን ይገዛል። አደን ላይ ሁለተኛ ጥይት ያስፈልጋል ብሎ ሪቮልቨር የመረጠ ሰው ሁለተኛው ካልወጣለት ምን ዋጋ አለው።

ለዚህ ነው ነጠላ ተኳሹን ቶምፕሰን ሴንተር ኮንቴንደር ያልመረጥኩት። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሽጉጥ ነው፣ አፈሙዙ ይቀየራል፣ የጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፣ ከሩቅ የበለጠ ይመታል። ሽጉጥ የያዝኩት ግን ለመጠጋት ነው። ከሩቅ መምታት ከፈለግኩ ጠመንጃ እይዛለሁ።

ምላጩ ከወራት በኋላ ለስልሷል፤ በተለይ መዶሻው ተስቦ ሲተኮስ። ሲሊንደሩ ውልቅልቅ አላለም። ከሲሊንደሩና ከአፈሙዙ ክፍተት በላይ ያለው አካል ላይ ትኩሱ ጋዝ ስስ መስመር ጭሯል፤ የዚህ ዓይነት ጥይት ሁሉ ያደርገዋል፣ የተወሰነ ደርሶም ይቆማል። የሚቀጥለው ሥራዬ መነጽሩን አውርጄ ሳያጎላ ቀይ ነጥብ ብቻ በሚያሳይ ማነጣጠሪያ መተካት ነው። 80 ሜትርን ለማይሻገር ሰው አጉልቶ ማየቱ ብዙም አይጠቅም፤ ክብደቱ ሲቀንስ ግን እጅ ቶሎ አይደክምም።