«ክሮሞሊ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የላንድክሩዘር የፊት ጆይንት እንዳትገዙ

ሀርድቶፕ፣ ፒክአፕ፣ 80 ወይም 105 ላንድክሩዘር ያላችሁ፣ በተለይ 33 ወይም 35 ኢንች ጎማ የገጠማችሁና የፊት ዲፍ ሎክ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስሮ እኩል የሚያዞረውን) ያስገባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ እንዳትወርዱ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሰውየውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስትገቡ ከወንበሩ አይነሳም። ኦሪጅናሉን የፊት ጆይንት፣ መሪው ሲዞርም ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰውን መጋጠሚያ፣ ስትጠይቁት «እሱ ለአስፋልት ነው፣ ለአንተ መኪና የሚሆን ጠንካራ አለኝ» ይልና ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ካርቶን ያወጣል። ዕቃው ዘይት በጠጣ ላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አንገቱ ላይ 4340 የሚል ቁጥር በሌዘር ተጽፎበታል፤ ክሮሞሊ የሚባለው፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት መለያ ቁጥር ነው። ዋጋው ከኦሪጅናሉ በላይ ነው፤ ማሳመኛውም እሱው ነው። ከዚያ እጃችሁ ላይ ያስቀምጠውና «ክብደቱን እየው እስቲ» ይላል።

ክብደቱ ምንም አይናገርም። 4340 ማለት 0.4 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 1.8 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 0.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ሩብ በመቶ ያህል ሞሊብዲነም የገባበት ብረት ነው። ከተራው ብረት ጋር ብትመዝኑት ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.85 ግራም አካባቢ ናቸው። ቀጥሎ የሚያስጠጋው ማግኔትም ሁለቱንም እኩል ይስባል። ይኼ ሁሉ ትርኢት ነው።

ጉዱ ያለው ሥራው ላይ ነው። የእነዚህ መኪኖች የፊት ጆይንት መካኒኮቻችን ቢርፊልድ የሚሉት ነው፤ ደወል የመሰለ የውጭ ቤት፣ መሃሉ ላይ ኮከብ የመሰለ ውስጠኛ ክፍል፣ በሁለቱ መካከል 6 የብረት ኳሶች፣ ኳሶቹን በቦታቸው የሚይዝ ባለመስኮት ቀለበት። መሪው ቀጥ ሲል ስድስቱም ኳሶች ጭነቱን ይካፈላሉ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ግን ጭነቱ ወደ ጥቂቶቹ ይሰበሰባል፣ ቀለበቱም ይጣመማል። ዲፍ ሎክ ተይዞ፣ በሎው ማርሽ፣ መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ ጋዝ ሲረገጥ፣ ይልቁንም ወደ ኋላ ሲኬድ፣ ኦሪጅናሉም ቢሆን ሊሰበር ይችላል። ጠንካራ የሚባለው የሚገዛው ለዚች ሰዓት ነው።

ከዚህ ሱቅ ገዝተን የገጠምነው ግን እዚያ ሳይደርስ ነው የለቀቀው። ኳሶቹ መንገዳቸው ላይ ጎድጓዳ ቦታ አበጁ፣ መሪው ሲዞር ከጉድጓዱ መውጣት አቃታቸው፣ ቀለበቱ ሁለት መስኮት መካከል ላይ ተቀደደ፣ የደወሉ አፍ ተከፍቶ ተሰነጠቀ። ስብርባሪው ናክሉ (ጆይንቱ የሚቀመጥበት፣ ከመሪው ጋር የሚዞረው ቤት) ውስጥ ሲቀረቀር መሪው ደረቀ። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ሱቁ። ስብርባሪው በጋዜጣ ላይ ተዘረጋ፦ ለሁለት የተከፈለ ደወል፣ ሦስት ቦታ የሆነ ቀለበት፣ ኳሶች። ሰውየው አልነካውም። ስልኩን እየነካካ ከሩቅ አየው፣ «ግራሶ አልሞላችሁትም» አለ፣ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አለቀ። ምርመራው ይኸው ነበር።

ግራሶ ያጣ ጆይንት እኮ ራሱን ይናገራል። ይግላል፣ ብረቱ ቡኒ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል፣ ኳሶቹ ይቃጠላሉ። እዚህ አንድም የተቃጠለ ቀለም አልነበረም፤ ቁርጥራጮቹ ሁሉ የሞሊብዲነም ግራሶ እንደለበሱ ነበሩ፣ ዘይት ጠባቂ ጎማዎቹም አዲስ ናቸው፣ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ ግራሶውን አላቀጠነውም። ይህ ሲነገረው «ታዲያ መካኒክህን ጠይቀው» አለ።

ከዚያ ሞረድ ወጣ። በደንብ የጠነከረ ጆይንት ኳሱ የሚሄድበት ቦይ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ ብርጭቆ የሚፍቅ ይመስል ያፏጫል እንጂ አይነክስም። ሮክዌል ሲ በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 58 እና ከዚያ በላይ መሆን ያለበት ቦታ ነው። ይሄኛው በአንድ ስበት ዱቄት አወረደ፤ ጋዜጣው ላይ የብረት ዱቄት። ሰውየው ያን ጊዜ ነው ስልኩን ያስቀመጠው። ተቆጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሳቀ። ዞሮ ልጆቹን «ኑ እዩ፣ ዕቃ በሞረድ የሚፈትን ሰው መጣላችሁ» አላቸው፣ እነሱም ሳቁ። ቀጥሎ ደረሰኙን ጠየቀ። ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ፣ ለሕፃን ልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የፊት ጆይንት፣ ብዛት 2። ክሮሞሊ የሚል የታለ? አሳየኛ።» በእርግጥም የለም። ከአፉ ወጣ እንጂ ወረቀት ላይ አልወጣም። ደረሰኙን ስብርባሪው ላይ ወርወር አደረገውና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አመለከተ።

እዚያው ቆመን ሳለ ሌላ ሰው ገባ፣ ለ79 ፒክአፕ የፊት ጆይንት ጠየቀ። ካርቶኑ ወጣ። ያው ጥቁር ካርቶን። «ክብደቱን እየው እስቲ።» የብረት ዱቄቱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ 4340 መሆኑ ራሱ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ይኼንን ላስረዳ። 4340 በሙቀት ሳይጠነክር ለስላሳ ነው፤ ለመቁረጥ ቀላል ስለሆነ በዚያ ሁኔታ ይቀርጹታል፣ ከዚያ ግን ማሞቅ፣ በዘይት ማቀዝቀዝ፣ እንደገና በልኩ ማሞቅ አለበት፣ የኳሶቹ ቦይ ደግሞ ከዚያም በላይ መጠንከር አለበት። ወጪው እዚህ ላይ ነው፣ ስርቆቱም እዚሁ ነው። በሥርዓት የጠነከረ የፋብሪካ ብረት ያልጠነከረ ክሮሞሊን ያስከነዳል። ጠንካራ ጆይንት የሚሠራው የአሜሪካው ሎንግፊልድ ዝናውን ያገኘው በብረቱ ስም ብቻ አይደለም። ለደወሉና ለኮከቡ የሚመረጠው 300ኤም የሚባለውም 4340 ላይ ሲሊኮንና ቫናዲየም ተጨምሮበት ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ሙቀት ሥራው ባዶ ስም ነው።

ሌላው ጉድ ማዕዘኑ ነው። አንዳንዱ ኮፒ ደወሉ ጥልቀቱ ስለሚያንስ መሪው የማቆሚያ ቡሎኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ጆይንቱ ውስጡ ይገጫል። እንዲህ ያለው ጆይንት ጠንካራም ቢሆን መሪው ሙሉ በዞረ ቁጥር ራሱን በራሱ ይሰብራል። ከመግጠማችሁ በፊት አክስሉን አስገብታችሁ በሁሉም አቅጣጫ በእጅ አጣጥፉት፣ እያጣጠፋችሁም አዙሩት። የትም ቦታ ቢይዝ ወይም ጎርበጥ ቢል መልሱት። አክስሉ የሚሰካበትን ባለ30 ጥርስ መግቢያም ፈትኑ፤ ሲወዛወዝ ከተሰማችሁ አይሆንም። አክስሉ እንዳይወጣ የሚይዘውን፣ አብሮት የሚመጣውን መያዣ ቀለበት ጣሉትና የፋብሪካውን አድርጉ።

በፋብሪካው ልክ ጎማ የምትነዱ፣ ዲፍ ሎክም የሌላችሁ ከሆነ፣ ጠንካራ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም፤ እውነተኛ የጃፓን ጆይንት፣ ያገለገለም ቢሆን ቦዩ ያልተበላ፣ ይበቃችኋል። መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካልመጣ ደግሞ ያላችሁን አትንኩ። ትልቅ ጎማና ሎክ ያላችሁ ጠንካራውን ግዙ፣ ግን ከዚያ በኋላ ሰባሪው ጉልበት ወደ ፍሪ ሀብ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር ወደሚያገናኘውና ወደሚያላቅቀው) እና ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርስ እንደሚሄድ እወቁ።

ደረሰኝ ላይ የብረቱን ዓይነትና የአምራቹን ስም አጽፉ፤ አልጽፍም ካለ ውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል፣ ወረቀት ከሌለ ግን የምትከራከሩበት የለም። ሞረድም ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቦዩ ጠርዝ ላይ አንዴ ሳብ አድርጉ። ይሳቁ።

የተሰበረባችሁ ካላችሁ ደግሞ ናክሉን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በናፍጣ እጠቡ፣ ኩሽኔታዎቹንም ፈትሹ፣ ስድስቱንም ኳሶች ቆጥራችሁ አግኙ። አንዷ ከጎደለች አዲሱን አትግጠሙ።