ሦስት ሰው ለየብቻው ወይስ አንዱ ጽፎ ሌላው አርሞ?

የቆየ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። በውስጡ ያለን ቃል ፈልጎ ለማግኘት መጀመሪያ ጽሑፉ ከፎቶው እየተነበበ በኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። በጎ ፈቃደኞች ይህን በሁለት መንገድ ይሠሩታል።

በአንደኛው፣ ብዙ ሰዎች አንዱን ገጽ ሳይተያዩ ይገለብጡታል፤ ከዚያ ጽሑፎቹ ይነጻጸራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ኦልድ ዌዘር የተባለ ፕሮጀክት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦችን የአየር ሁኔታ መዝገብ ያስገለበጠው እንዲህ ነው። ለቁጥር በጣም ጥሩ ነው። ሁለቱ 54፣ አንዱ 59 ካሉ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ግን ጉልበት ይፈጃል።

በሁለተኛው አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ባይ ዘ ፒፕል የተባለ ፕሮጀክት በዚህ ይሠራል። ማንም ሳይመዘገብ መገልበጥ ይችላል፤ ለማረም ግን መመዝገብ ግድ ነው።

ለደብዳቤና ለማስታወሻ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ አለው። በኅዳጉ የተጨመረ፣ በአጭሩ የተጻፈ ቃል አለው። ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ቢጽፈው ለኮምፒውተር ማስታረቁ ይከብደዋል። አራሚ ግን ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ አንብቦ፣ የትኛው ቃል ቦታው እንዳልሆነ ይለያል። እኔን በጣም የሚያስደስተኝም ይህ ነው፤ ሰው የሰውን ሐሳብ ተከትሎ ማንበቡ።

አንድ ችግር አለ። አራሚው የተጻፈውን ቀድሞ ካየ ዓይኑ ይታለላል፤ ስህተቱንም ልክ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ስታርሙ መጀመሪያ ምስሉን አንብቡ፣ ጽሑፉን ከዚያ። አልነበብ ያላችሁን ቃል በግምት አትሙሉት። በቅንፍ የጥያቄ ምልክት አስገቡና እለፉ።