ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ልጅ ሳታማክሩ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ካሜራ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለጥምቀት ጎንደር አያቴ ጋ ልሄድ ስል ካሜራ ፈለግሁ። ፎቶም ቪዲዮም የሚያነሳ፣ ለጉዞ የማይከብድ፣ ለጀማሪ የሚሆን። አንዱ ሱቅ የሠርግ ባለሙያዎች የሚይዙትን ትልቅ ካሜራ ሊያሸክሙኝ ነበር። ሌላው ጋ "አዲስ ነው" ብለው ሸጡልኝ። ቤት ገብቼ ሳነሳበት ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ይዤ ስመለስ "አያያዝሽ ነው" ተባልኩ። ደረሰኝ ለምን እንዳልሰጡኝ ያን ቀን ገባኝ። ዓመት ሙሉ እቁብ ጥዬ ያገኘሁት ገንዘብ ነበር። መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ድሮ ፒያሳ ነበር፤ አካባቢው ሲፈርስ ሜክሲኮ ጋ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ። የተሸጠልኝን ካሜራ ሌንስ ፈታና የስልኩን መብራት ከኋላ አበራበት። "ነይ፣ እይው" አለኝ። መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ያበቅላል አለኝ። "አንቺ ያመጣሽው አይደለም፣ እህቴ።" ይህን የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ዋጋ ሳይጠራ ምን ላነሳበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አያቴ ስለ ልጅነቷ ስታወራ መቅረጽ እፈልጋለሁ አልኩት። "ድምፃቸው እንዴት ነው?" አለ። ደከም ያለ ነው። "እንግዲያው ከሁሉ በፊት ድምፅ ነው" አለኝ። ለጀማሪ ከሚሸጡት ርካሽ ካሜራዎች አንዳንዶቹ ጭራሽ የማይክ መሰኪያ የላቸውም። ያን ሁሉ ሱቅ ስዞር ይህን ያነሳልኝ አልነበረም!

የመረጠልኝ ካኖን 200ዲ ነው፤ አብሮት ከሚሸጠው 18-55 ከሚባለው ሌንስ ጋር። ያገለገለ መሆኑን በግልጽ ነገረኝ፤ ጭረቱን አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ እንደሆነና 4ኬ የሚባለውን እጅግ ጥራት ያለው ቪዲዮ እንደማይቀርጽም ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ያለ ሌንሱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስክሪኑ ወደ ፊት ይዞራል። ስለ ሌላው ብዙ አስረድቶኝ ነበር፤ እኔ ግን ልደግመው አልችልም። ሱቁ በር ላይ አቁሞ፣ የታክሲ ረዳቶች እየተጣሩ፣ "አውሪ" ብሎ ቀረጸኝና መልሶ አሰማኝ። ረጅም ሌንስ ልጨምር ስለው ከለከለኝ። "ታቦት ለማየት ማልደሽ ሄደሽ ቦታ ያዢ፤ በገንዘቡ ማይክ ግዢበት።" የራሱን ገበያ ትቶ ለእናንተ የሚያስብ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል?

ልወጣ ስል ጠራኝ። ከራሱ ካሜራ ባትሪ አውጥቶ ሰጠኝ። "መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ስትመለሺ ታመጪልኛለሽ።" ስልክ ቁጥሬን እንኳን አልጠየቀኝም።

እውነትም የከተራ ምሽት መብራት ጠፋ። የእኔ ባትሪ ቀን ላይ አልቆ ነበር። አያቴ ደግሞ ጨዋታው የመጣላት ያን ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ጥምቀተ ባሕር የወረደችበትን፣ ሕዝቡ መሀል ነጠላዋ የጠፋባትን፣ እናቷ ተቆጥተው መልሰው ያቀፏትን። በሻማ ብርሃን ቀረጽኳት። ምስሉ ጨልሟል። ድምፅዋ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ትንፋሿ ሳይቀር። በዚያ ባትሪ ነው የቀረጽኩት።

ስመለስ ባትሪውን ከአያቴ ድፎ ዳቦ ጋር ወሰድኩለት። ደንበኛ እየጠበቀው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየው። መጨረሻው ላይ አያቴ "ያን ልጅ እጁን ይባርክልኝ" ትላለች። ዝም ብሎ ቆየና መልሶ አጫወተው።

ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ። ደግሜ አመሰግንሃለሁ። እናንተም እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። የተበላሸ ያላችሁም፣ ለመግዛት ያሰባችሁም፣ ምክር ብቻ የምትፈልጉም ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። እሑድ ዝግ ነው።