በርንሃርድን ከየቱ እንጀምር?
ኦስትሪያዊው ደራሲ ቶማስ በርንሃርድ (1931–1989) ጨለምተኛ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ከየትኛው መጽሐፉ ይጀመር?

«ሰጣሚው» (1983) የሦስት ፒያኖ ተማሪዎች ታሪክ ነው። አንዱ፣ ቬርትሃይመር፣ ሳልዝበርግ ውስጥ አብሮት የሚማረው ካናዳዊው የፒያኖ ሊቅ ግሌን ጉልድ ሲጫወት ሰማ። በቃ፣ ያኔውኑ አለቀለት። መጽሐፉ ከሞላ ጎደል አንድ አንቀጽ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል።

እኔ «የቪትገንሽታይን የወንድም ልጅ»ን (1982) አስቀድማለሁ። ጊዜው 1967፣ ቦታው ቪየና ነው። በርንሃርድ በሳንባ፣ ወዳጁና የፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ዘመድ ፓውል በአእምሮ ሕመም አንድ ኮረብታ ላይ ሆስፒታል ተኝተዋል። በርንሃርድ ፓውልን ሊጠይቅ ሲወጣ አቅም ያጣና መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። ፓውል ቀብሩ ላይ ሁለት መቶ ወዳጆች እንደሚመጡ ነግሮት ነበር። የመጡት ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው። በርንሃርድም አልነበረም። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁሌም መጽሐፉን ለአፍታ አጥፌ አስቀምጣለሁ።