ስድስት ኪሎ የሚሸጠው የ«ሃሳብ ክፍል» ጥራዝ፦ ይገዛል፣ ገጽ 14 ግን ይታረማል

ስድስት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ 120 ብር የሚሸጠው ይህ ጥራዝ 46 ገጽ ነው፤ ስለ ወንጀል የሃሳብ ክፍል፣ ማለትም አድራጊው ድርጊቱን አስቦ ወይስ በቸልተኝነት እንደፈጸመው ያስረዳል። ለመውጫ ፈተና የሚያነብ የሕግ ተማሪ የወንጀል ሕጉን (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ጎን ለጎን ከፍቶ ቢይዘው ዋጋውን ያወጣል።

ከአንቀጽ 23 ይነሳል፦ ሕጋዊ (በሕግ የተከለከለ መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የሃሳብ ክፍሉ) ፍሬ ነገሮች ሦስቱም ካልተሟሉ ወንጀል የለም። የጥራዙ ምርጥ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። «መጀመሪያ ልዩ ክፍሉን (እያንዳንዱ ወንጀል ከነቅጣቱ የተዘረዘረበትን) ክፈት» ይላል፤ ቸልተኝነትን በግልጽ የሚቀጣ ድንጋጌ ከሌለ ቸልተኛው አይቀጣም (59(2))። ካፌ ውስጥ ቻርጅ ላይ የተሰካ የሰው ስልክ የራሱ መስሎት ይዞ የወጣ፣ የቱንም ያህል ዝርክርክ ቢሆን በአንቀጽ 665 ሌባ አይባልም።

ችግሩ ገጽ 14 ላይ ነው። «ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል ካወቀ አስቧል» ይላል። ስህተት ነው፤ ፈተና ላይም ነጥብ ያስጥላል። ማወቅማ ስለ ማሰብ በሚደነግገው 58(1)(ለ) ላይም፣ ስለ ቸልተኝነት በሚደነግገው 59(1)(ሀ) ላይም አለ። ፍሬኑ እንደላላ እያወቀ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚነዳ የሚኒባስ ሹፌር እንውሰድ። «በእጅ ፍሬን እይዘዋለሁ፣ ምንም አይፈጠርም» ብሎ ከሆነ ቸልተኛ ነው። «የመጣው ይምጣ» ብሎ ውጤቱን ከተቀበለ ግን አስቧል። ሰው ቢሞት የመጀመሪያው ወደ 543 (በቸልተኝነት ሰው መግደል)፣ ሁለተኛው ወደ 540 (አስቦ ሰው መግደል) ይሄዳል፤ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ዳኛ ልብ ውስጥ ገብቶ አያይም፤ ፍጥነቱን፣ ረዳቱ አስጠንቅቆት እንደነበር፣ መሪውን ለማዞር መሞከሩን ነው የሚመዝነው። ስለ እንዲህ ያለው ማስረጃ ጥራዙ አንድ መስመር አልጻፈም።

543(3)ንም ዘሎታል። ሹፌሩ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ቸልተኝነት ሆኖ ሳለም ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። «ቸልተኝነት ቀላል እስራት ነው» የሚለው የጥራዙ ሰንጠረዥ እዚህ ላይ ይወድቃል።

በውስጡ ያሉት ሙያዊ ቃላትም እንደ «ኢንዳይሬክት ኢንቴንሽን» (ውጤቱን አውቆ «የመጣው ይምጣ» ማለት) ያሉ እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው። ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት የቆመ ሰው ግን የሚሰማው «የሃሳብ ክፍል» እና «ቸልተኝነት» ነው።

ጥረዛው የግራውን ጠርዝ ስለሚበሳው አንዳንድ ቅጂ ላይ የአንቀጽ ቁጥሮች ተበልተዋል። ሳይከፍሉ በፊት ገጽ 31ን ገልጦ ማየት ነው።