ዘጌ ላይ ቪሳት የተከሉልን ባለሙያ

ዘጌ ያለችው ትንሿ የእንግዳ ማረፊያችን ኢንተርኔት ስላልነበራት ቪሳት፣ ማለትም በዲሽ ከሳተላይት ጋር እየተላላከ ኢንተርኔት የሚያመጣ መሣሪያ፣ አስገባን። መጀመሪያ የመጣው ልጅ 60 ሳንቲሜትር ዲሽ በአንድ ከሰዓት ሰቅሎ ሄደ። ስለ ፈቃድ ስጠይቀው «ለዲሽ ደግሞ ምን ፈቃድ?» አለኝ። ያስፈልጋል እንጂ! የቴሌቪዥን ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ቪሳት ግን ይልካል፤ ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይከፈትም።

ሁለተኛውን ከባሕር ዳር አስመጣን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቀድሜ ባልጠራቸው ቆጨኝ። በመጀመሪያ ወረቀቱን አስጨረሱን። ከዚያ ዲሹ 1.2 ሜትር ይሁን አሉ። ዋጋው ከበድ ይላል፣ ምክንያታቸው ግን አሳመነኝ። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ተደርድረዋል፣ በብዙዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ቪሳቱ በሚልክበት የ14 ጊጋኸርዝ ሞገድ የትንሹ ዲሽ ጨረር ወደ 2.5 ዲግሪ ስለሚሰፋ ጎረቤት ሳተላይት ላይ እየፈሰሰ የሌላ ሰው መስመር ይረብሻል። የትልቁ ስፋት የዚያ ግማሽ ነው።

የሐይቁ ነፋስ እንዳያነቃንቀው ምሰሶውን በሲሚንቶ አጸኑት። ከዚያም ከሳተላይት ድርጅቱ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ፖላራይዜሽኑን (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) በጥቂት በጥቂት አዞሩት፤ የሌላ ሰው መስመር እንደማይረብሽ የሚታይበትን ሙከራ እስኪያልፍ ድረስ ኢንተርኔቱን አልከፈቱልንም። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ማግኘት ደስ ይላል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እሱ ግን የኩ ባንድ (ቪሳታችን የሚሠራበት የሞገድ ክልል) ጠባይ ነው፣ አስቀድመው ነግረውናል።