የጨው ኩሬን ቀለም በቤተ ሙከራ የሚያሳይ የማስተማሪያ ኪት፦ ግምገማ

ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተዘጋጀው ይህ ኪት ሁለት ሕያው ናሙናዎች አሉት፤ አንዱ ዱናሊየላ ሳሊና የተባለው አልጌ፣ ሌላው ሃሎባክቴሪየም ሳሊናረም የተባለው አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስል፣ ግን ከባክቴሪያ የተለየ ባለ አንድ ህዋስ ረቂቅ ተሕዋስ) ነው። የጨው ማምረቻ ኩሬዎች ውኃቸው እየተነነ በሄደ ቁጥር ብርቱካናማ፣ ከዚያም ቀይ የሚሆኑት በውስጣቸው በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ምክንያት መሆኑን ለማሳየት የታሰበ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ዓላማውን አሳክቷል።

አልጌው አረንጓዴ ሆኖ ይመጣና ጨው ሲበዛበት፣ ናይትሮጅን ሲያንሰውና ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ቤታ ካሮቲን የተባለውን ብርቱካናማ ቀለም እያከማቸ ይቀላል። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም።

የኪቱ ጌጥ ግን አርኬያው ነው። 25 በመቶ ያህል ጨው ባለው አጋር (ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያድጉበት እንደ ጄሊ የረጋ ማሳደጊያ) ላይ ተዘርቶ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ፣ አብዛኞቹ ኮሎኒዎች (በአንድ ቦታ የተባዙ የህዋሳት ክምችቶች) ብርሃን የማያሳልፉ ደብዛዛ ሮዝ ሆነው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው አልፎ አልፎ ጥርት ያለ ቀይ ኮሎኒ ይታያል። ይህኛው በዘረመል ለውጥ የተነሳ ህዋሳቱን የሚያንሳፍፉትን የጋዝ ከረጢቶች መሥራት የተሳነው ነው፤ መመሪያው ይህን የመሰለ ትምህርት ሳይጠቅስ ማለፉ ያስገርማል። በስላይድ ላይ የተጣራ ውኃ ጠብ ሲደረግባቸው ደግሞ ዘንግ መሰሎቹ ህዋሳት መጀመሪያ ይድቦለቦላሉ፣ ወዲያው ፈንድተው ይጠፋሉ፤ ቅርፃቸውን አጽንቶ የያዘው ጨው ነውና።

ዋናው ቅሬታዬ መመሪያው የኩሬውን ቅላት በሙሉ ለአልጌው መስጠቱ ነው። ጨው በሚረጋባቸው የመጨረሻ ኩሬዎች ቤታ ካሮቲን በመጠን ሊበልጥ ይችላል፤ ሆኖም አልጌው በክሎሮፕላስቱ (በብርሃን ምግብ በሚሠራበት የህዋሱ ክፍል) ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች አጭቆ ስለሚይዘው የሚውጠው ብርሃን ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም፤ ባክቴሪዮሩቤሪን የተባለው የአርኬያው ቀለም ግን በእያንዳንዱ ህዋስ ሽፋን ላይ ስለተሰራጨ ለውኃው ቅላቱን በዋናነት የሚሰጠው እርሱ ነው። በ2002 ስም የወጣለት ሳሊኒባክተር ሩበር የተባለው ቀይ ባክቴሪያም በኪቱ ውስጥ የለም፤ ይህ ግን ለጀማሪ ተማሪ ብዙም ጉድለት አይደለም።

የፔትሪ ሳህኖቹ ክዳን ላላ ያለ በመሆኑ አጋሩ ቶሎ ይደርቅና ገጹ ላይ የጨው ቅርፊት ይሠራል። ገዢው በደንብ የሚታሸጉ ላስቲኮችንና ጥቂት እርጥብ ጥጥ ለብቻው ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።